የቦጋለ አውራ ጣት

«ዞሬ ልቀመጥ» አሉ አባ ሀብተ ወልድ፣ መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ እየተነሡ። «በግራህ ሆኜ ሳወራ ለግድግዳ የማወራ ይመስለኛል።»

ዞረው በቀኙ ተቀመጡ። የውብሸት የግራ ዓይን ከጠፋ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እንዴት እንደጠፋ ደግሞ ከአባ ሀብተ ወልድ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

ቀኑ ማክሰኞ፣ የአባቱ የቦጋለ ለቅሶ ሁለተኛ ቀን ነው። ቦጋለ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሞቶ በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ። እድሩ ድንኳኑን የተከለው ከቤቱ ደጃፍ፣ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ በምትገባው ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። ተሸካሚዎች በርበሬ የሞላ ጆንያ ማጅራታቸው ላይ አድርገው ሲያልፉ ሸራውን በትከሻቸው እየገፉ «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ከውስጥ ደግሞ ለቀስተኛው ያስነጥሳል። እዚያ ሰፈር ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማንን በርበሬው እንዳስለቀሰው የሚለየው እግዜር ብቻ ነው። ውብሸት እስካሁን ጠብ ያለለት እንባ አልነበረም። ሰውም ይህን አይቶበታል። በአንድ ዓይን ምን ያህል ይለቀሳል ብለው ያዘኑለት ነበሩ፤ ድሮስ ከአባቱ ጋር ምን ነበራቸው ብለው የተንሾካሾኩም ነበሩ።

አባ ሀብተ ወልድ የሟቹ የነፍስ አባት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓርብ ፍርድ ቤት ትቆማለህ ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ውብሸት መጥሪያው ኪሱ ውስጥ እንዳለ ነገራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሺ የምትባል አትክልት ተራ ሽንኩርትና ጎመን የምትቸረችር ሴት ልጇን ለደብሩ ቄስ ትምህርት ቤት ሰጥታ ነበር። በጥር ወር መምህሩ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ልጁን ዳዊቱን ዘለልህ ብለው በበርበሬ አጠኑት፤ ጋቢ አከናንበው ፍም ላይ አጎነበሱት። ልጁ ፊቱ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገባ። የሺ ደግሞ ሽማግሌ ሳትጠብቅ ቀጥ ብላ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መሪጌታ በሕይወቴ ልጅ አጥኜ አላውቅም፣ እሳት ዳር ሲጫወት አደናቅፎት ነው አሉ። ሰውዬው ይህን ከዚህ በፊትም አድርገዋል ብሎ የሚመሰክር፣ ማስረጃውንም ፊቱ ላይ ይዞ የሚዞር አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን ጋቢውን አዘቅዝቆ ፍራሽ ላይ የተቀመጠው ውብሸት ነው።

«ልጄ» አሉ አባ፣ «አባትህ ያንን ነገር በእግዚአብሔር ስም ዘግቶታል። ለራሱም ለልጆቹም። መስቀሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ነገሩን ያነሣ የተገዘተ ይሁን ብዬ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ዓርብ አፍህን ብትከፍት የአርባው ተዝካር ምን ይሆናል? ካህን በተገዘተ ቤት ገብቶ አይጸልይም፣ አይቀምስም።»

«ማስፈራሪያ ነው አባ?»

«ሥርዓት ነው። እኔ አንተን የማስፈራራበት ዕድሜ አልፏል።»

ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ። ውብሸትም ተሳለመ፤ አለመሳለም ሰው ፊት ነውር ነው።

እህቱ ሠርኬ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ አባ እንደወጡ መጥታ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። አባታቸውን ዓመት ሙሉ ያስታመመችው እሷ ናት። በሹክሹክታ፣ ተዝካሩ ከቀረ መርካቶ ውስጥ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ፣ አባባ ደግሞ ሲያጣጥር ፍትሐቴን አደራ ነው ያለኝ አለችው።  

ድንኳኑ ይሞላል፣ ይጎድላል። ቦጋለ ታሞ በተኛበት ዓመት ደጁን ያልረገጠ ሁሉ፣ አሁን እየመጣ ደረቱን ይደቃል። መቼስ የመርካቶ ሰው የሚጠይቅህ ወይ ስታተርፍ ነው ወይ ስትሞት። አንዲት የሰበታ ቸርቻሪ ግን ከልቧ አለቀሰች። ስምንት ዓመት ሙሉ ከቦጋለ በርበሬ ስትገዛ፣ ምርቃት ብሎ ኩራዝ ሳይጨምርላት የቀረበት ቀን እንደሌለ እያነሣች ነበር የምታለቅሰው። «ሌላው ነጋዴ እፍኝ በርበሬ ይመርቃል፤ ጋሼ ቦጋለ ግን ኩራዝ! አገሩን ሁሉ በኩራዝ ሞላው እኮ» ስትል፣ ከለቅሶው መሐል ሳቅ ያመለጠው ሰው ነበር።

ውብሸት አንገቱን ደፋ። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ከቆርቆሮ ኩራዝ እየሠራ የሚሸጠው እሱ ነው። አንድ ተሸካሚ በየሳምንቱ እየመጣ አሥር አሥር ኩራዝ ሲገዛው፣ ለማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት አያውቅም።

*

ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት በፊት የነበረው በርበሬ በረንዳ ሌላ አገር ነበር። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው ትልቅ የጭነት መኪና ከማረቆ ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት ሲደርስ፣ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያስነጥስ ነበር። ቦጋለ የሱቁን ሳንቃ እየነቀለ «ይማርህ» ይላል፤ ለማን እንደሚል ግን አይታወቅም፣ ለአገሩ ሁሉ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ግን አንዲት ዛላ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሽቶ ካሸተተ፣ የየት አገር እንደሆነች፣ ዝናብ መትቷት እንደሆነ፣ ስንት ቀን ጆንያ ውስጥ እንደቆየች ይናገራል። ሌሎቹ ነጋዴዎች «የቦጋለ አውራ ጣት ዲያቆን ናት፣ ታነባለች» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ወረቀት ሲመጣ ግን የሚጠራው ልጁን ነው።

«ዓይኔ! ና እስቲ አንብብልኝ።»

ውብሸት የጆንያ ክምር ላይ ይወጣል። የማረቆው ደንበኛ የጻፈውን ደብዳቤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ ጎረቤቶቹ ነጋዴዎችም የየራሳቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ቦጋለ እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ ደብዳቤውን ሳይሆን ያንባቢውን አፍ ነው የሚያየው። ልጁ ሲጨርስ «ድገምልኝ» ይላል። ገብቶት ሳለ ነው ድገምልኝ የሚለው። ውብሸት በኋላ ዘመን፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ፣ ከዚያ ክምር ላይ ሆኖ ያየውን ያህል ርቆ አይቶ እንደማያውቅ ያስብ ነበር፤ ያኔ ሁለት ዓይን ስለነበረው ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አባቱ ከሁሉም ምርጥ የሆነውን በርበሬ በጨርቅ ቋጥሮ «ለየኔታ» ብሎ ያስይዘዋል። የኔታ የሚባሉት መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ነበሩ። ያን ጊዜ አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ቁመናቸው እንደ ደጁ ዝግባ ቀጥ ያለ፣ ድምፃቸው ደግሞ የሚያደነዝዝ። ማለዳ ዜማ ሲቃኙ አትክልት ተራ የሚሄዱ ሴቶች ቅርጫታቸውን አውርደው አጥሩ ጥግ ይቆማሉ። ውብሸት ያን ድምፅ ይወደው ነበር። አድጎ እንደሳቸው መሆን ነበር ምኞቱ። ሰው የወደደው ሲጎዳው ሕመሙ ሁለት ነው፤ አንዱ ይሽራል፣ አንዱ ግን እያደር ይብሳል።

ጥፋቱ ምን ነበር? በአንድ የደብሩ ክብረ በዓል ቀን፣ እንግዶች በተሰበሰቡበት፣ የኔታ ዳዊት ሲደግሙ አንድ ስንኝ ዘለሉ። የአሥራ ሦስት ዓመቱ ውብሸት ከፊት ረድፍ ሆኖ አረማቸው። እንግዶቹ ሳቁ። የኔታም አብረው ሳቁ፤ ራሱንም ዳሰሱት። በማግሥቱ ግን ፍም አስቀረቡና፣ ቅዳሜ ዕለት ራሱ ተሸክሞ ያመጣውን የአባቱን በርበሬ ነሰነሱበት። ጋቢ ተከናንቦ፣ ሁለት ትላልቅ ተማሪዎች ማጅራቱን ይዘውት ሲንፈራገጥ ፍሙ ላይ ወደቀ።

«ክፉውን በርበሬ ሰጥተናቸው ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ሳትተርፍ አትቀርም ነበር» ይላል ውብሸት አንዳንዴ፣ ሁለት ብርሌ ሲደግም። አብሮት የሚጠጣውም መሳቅ ይኑርበት አይኑርበት አያውቅም።

ቦጋለ ያን ጊዜ አንበሳ ሆኖ ነበር። አቤቱታ አስጽፎ፣ በጃንሆይ አምላክ ብሎ፣ ወረዳው ፍርድ ቤት ከሰሰ። ሆስፒታል ሲመጣ በፋሻ የተጠቀለለውን ልጁን እጁን ይዞ፣ «የመንግሥት ሕግ አለ፤ እኔ ልሙት፣ የእጁን ያገኛል» ይለው ነበር። ውብሸት በጨለማው ውስጥ ያን ቃል እንደ ትራስ ተንተርሶት ነበር የሚተኛው።

ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ ግን ያ አንበሳ ጠፍቶ ቆየው። ሠርኬ ነበረች የነገረችው። ለቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው፣ መሪጌታ በባዶ እግራቸው ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ አባ ሀብተ ወልድና ሽማግሌዎቹ መስቀል ይዘው ደጁ ላይ ተንበረከኩ። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው መመለስ በአገሩ ወግ አይቻልም። ቦጋለ ድንጋዩን ከየኔታ ጫንቃ ላይ በገዛ እጁ አወረደ።

«ፍርድ ቤቱስ?» ብሎ ጠየቀው ውብሸት፣ በቀረችው አንድ ዓይኑ እያየው።

«ይቅር ብያለሁ። አለቀ» አለ ቦጋለ፣ ፊቱን ወደ ጆንያዎቹ አዙሮ።

በቃ፣ ይኸው ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አባትና ልጅ ከዚያ የረዘመ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ልጁ አባቴ ዓይኔን በምርቃት ለወጣት ብሎ ደመደመ። ትምህርቱንም እዚያው ተወው። ደብዳቤ ሲመጣ ከክምሩ ላይ አልወጣም አለ፤ ቦጋለም ወረቀቱን ይዞ ለሰው መለማመጥ ጀመረ። አሥራ ሰባት ሲሞላው ወጥቶ ምን አለሽ ተራ አንዲት ክፍል ተከራየ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ይመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ይሄዳል። በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አንዳንዴ ከሩብ ሰዓት መንገድ የሚርቅ የለም።

*

ማክሰኞ ማምሻውን የሺ ለቅሶ ለመድረስ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ማንነቷን ሲያውቅ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። እሷ ግን ቀስ ብላ ገብታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ እንደ ወጉ አለቀሰች። የተሰጣትን ስኒ ተቀብላ ጠጣች። ስትወጣ ውብሸት ዘንድ ጎንበስ አለች።

«እግዜር ያጥናህ ወንድሜ። ዓርብ ብትቀርም አልቀየምህም፤ ሐዘን ላይ ነህ» አለችው። ቀጥላም፣ ልክ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንደምታወራ ሁሉ፣ ትናንት ሽማግሌዎቹ መሪጌታን ድንጋይ አሸክመው ሊያመጡባት እንደተዘጋጁ ሰምታ በር ቆልፋ ልጇ ጋ ሆስፒታል ማደሯን ነገረችው። «ካየሁት አዝናለሁ፤ ካዘንኩ ደግሞ አለቀልኝ። ስለዚህ አላይም።»

ውብሸት ሴትየዋን እስክትወጣ አያት። አባቱ ያኔ በር ቆልፎ ቢያድር ኖሮ ሲል አሰበ።

ረቡዕ ሣልስት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ የአባቱ የሱቅ ጎረቤት ሐጂ እንድሪስ ከመንገድ ክንዱን ይዘው ወደ ሱቃቸው አስገቡት። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሻጭ ናቸው፤ ከቦጋለ ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ሲነጋገሩ የኖሩ። ጆንያ ላይ አስቀመጡትና እሳቸውም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«እኔን የናንተ ግዝት አይዘኝም» አሉ። «የያዘኝ መሐላ ነው። አባትህ አስምሎኝ ነበር፤ እስኪሞት ብዬ ማልኩለት። ሰኞ ሞተ። እንግዲህ ተፈታሁ።»

የነገሩት ይህን ነው። ዕርቁ በወረደ ማግሥት ቦጋለ ማለዳ ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣና፣ ሐጂ ተነሡ ችሎት እንሂድ አላቸው። ሐጂ ገረማቸው፤ ትናንት ታርቀህ የለም እንዴ አሉት። ቦጋለ ደግሞ በሳቸው ጥያቄ ገረመው። የታረቀው ለነፍሱ ነው፤ ሰውዬው ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፣ በክርስቶስ ስም ለመነ፣ እሱም ቂሙን ከሆዱ አወጣ። ክሱ ግን የመንግሥት ነው፤ ቂም የሌለበት ሰውም ይከሳል፣ ይቅርታንና ክስን ምን አገናኛቸው? እንዲያውም አሁን ያለ ቂም ስለምከሰው ፍርዱ ይጠራል አለ።

«ነፍሱን ለእግዜር ሰጠሁ፣ እጁን ለመንግሥት እሰጣለሁ» ነበር ያለኝ አሉ ሐጂ። «እኔም ሳስበው ልክ መሰለኝ። ሁለታችንም መሃይም ነንና።»

ፍርድ ቤት ሲደርሱ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ሳቀባቸው። ክሱ ተነሥቷል አላቸው። ወረቀት አወጣና አነበበላቸው። «ልጄ ሲጫወት አደናቅፎት እሳት ላይ ወደቀ እንጂ በመሪጌታ ኪዳነ ማርያም እጅ የደረሰበት ጉዳት የለም፤ የከሰስኩትም በስሕተት ነው» ይላል። ግርጌው ላይ አሻራ አለበት። ቦጋለ ወረቀቱን ተቀብሎ አውራ ጣቱን ከአሻራው ጎን አስጠጋው። አንዴ ጣቱን፣ አንዴ ወረቀቱን እያየ ብዙ ቆየ። ለዕርቁ ምልክት ነው፣ ቡራኬ ነው ብለው ነበር ሽማግሌዎቹ ያስፈረሙት። የሚያነብለት ልጅ ሆስፒታል ነበር።

«ከፒያሳ እስከዚህ በእግሩ ሲመጣ ቃል አልተነፈሰም» አሉ ሐጂ። «እዚህ ስንደርስ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለ፤ ያንን ብቻ። ከዚያ አስማለኝ። ለልጁ አትንገረው አለኝ። ጨካኝ አባት አለኝ ይበል፣ ሞኝ አባት አለኝ ከሚል።»

ውብሸት ጥቁር አዝሙዱን ከጆንያው አፍ ላይ በጣቱ እየቆነጠረ መልሶ ያፈስ ነበር።  

«ዓርብ ያንን ወረቀት ያመጡታል» አለ በመጨረሻ።

«እንዴት አያመጡት? ጋሻቸው እሱ ነው። አባትህ ሐሰተኛ ነበር ወይ ሞኝ ነበር፣ ከሁለቱ አንዱን መርካቶ ፊት ትላለህ። እኔ ሂድም አትሂድም አልልህም። ግን ሳታውቅ እንዳትሄድ ብዬ ነው፤ ሳታውቅም እንዳትቀር።»

*

ድንኳኑ ውስጥ የሣልስቱ ጾም ሽሮ እየቀረበ ሳለ፣ የኔታ መጡ።

ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ጃንጥላ ተይዞላቸዋል። ሰው ሁሉ ተነሣ። አባ ሀብተ ወልድና የእድሩ ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። የኔታ መሐል ላይ ቆመው ለሟቹ ጸሎት አደረሱ። ያ ድምፅ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ግን ያው ነው። ዝግባው ሥር፣ ማለዳ፣ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አውርደው አጥር ጥግ የሚሰሙት። ከድምፁ ጋር ክምሩ መጣ፣ የትሬንታ ኳትሮው ጡሩምባ መጣ፣ «ድገምልኝ» የሚለው ሰው መጣ። ከውብሸት ሦስት ቀን የተጠበቀው እንባ ከሁለቱም ዓይኖቹ ወረደ፤ የጠፋችው ዓይንም ለካ ታለቅስ ኖሯል። ይህን እንባ ያመጣው ያ ሰው መሆኑ አናደደው፤ ግን ሊያቆመው አልቻለም። የኔታም እያለቀሱ ነበር። ማልቀሳቸው ውሸት አልነበረም፤ ያም ነው ክፋቱ።

አባ ሀብተ ወልድ እንባውን ሲያዩ ልባቸው ረጋ። ልጄ፣ አሁን በአባትህ ለቅሶ ላይ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ አባትህ የሰጠውን ይቅርታ አጽናና ነፍሱን አሳርፋት አሉት።

ውብሸት ተነሣ። ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

«የኔታ፣ አባቴ የራሱን ይቅር ብሎዎት ነው የሞተው። የኔን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ እኔም ይቅር አልኩዎት። ሰው ሁሉ ይስማ።»

ድንኳኑ በሙሉ «እሰይ!» አለ። አንዱ እልል ሊል ቃጥቶት ለቅሶ መሆኑ ትዝ ብሎት ዋጠው። የኔታ እጃቸውን ዘረጉ።

«ዓርብ ግን ችሎት እቆማለሁ» አለ ውብሸት።

«እንዴ!» አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ይቅር ብለህ ደግሞ ትመሰክራለህ? የምን ይቅርታ ነው እሱ?»

«ይቅርታው የኔ ስለሆነ ሰጠሁ። የየሺ ልጅ ፊት የኔ አይደለም፤ የሰው ንብረት እንዴት እሰጣለሁ?»

የኔታ የዘረጉት እጅ ትንሽ አየር ላይ ቆየና ወደ ነጠላቸው ተመለሰ።  ውብሸት ወደ አባ ዞሮ፣ ያኔ አባቴን ያስፈረማችሁት ወረቀት ምን እንደሚል ያውቁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ ውሃ ስጡኝ እንደሚል ሰው።

«እኔ የያዝኩት መስቀሉን ነው» አሉ አባ። «ወረቀቱን የያዘው ሌላ ነው።»

«አላነበቡትም?»

አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ካህን ናቸው፤ ያነባሉ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል።  ከዚያ ማንንም ሳያሳልሙ ተነሥተው ወጡ። ሠርኬ የተዝካሩ ነገር እንደሞተ ገባትና ጓዳ ገብታ ለሁለተኛ ጊዜ አባቷን አለቀሰች። ማምሻውን ግን ወንድሟ አጠገብ ሽሮውን ይዛ መጣች። ሐጂ የነገሩትን ሁሉ ሲነግራት ሰምታ፣ ተዝካሩን ሰንበቴው ባይበላው ተሸካሚው ይበላዋል፤ አባባም ቢጠየቅ የሚመርጠው እነሱን ነው አለችው። አጎረሰችው። ከልጅነታቸው ወዲህ አጉርሳው አታውቅም ነበር።

*

ዓርብ ዕለት ችሎቱ በበርበሬ በረንዳ ሰው ተሞልቶ ነበር። ውብሸት መስቀል መታ አድርጎ ማለ፤ ያየውን፣ የሆነበትን ተናገረ። የመሪጌታ ጠበቃ ባለ ከረባት ወጣት ነው። የተማረ ሰው ያልተማረን ሲያናግር እንደሚያደርገው፣ እያንዳንዷን ቃል ለሕፃን እንደሚነግር እየቆረጠ ነበር የሚጠይቀው። ወረቀቱን አወጣና አነበበ። ይህ የአባትህ አሻራ ነው አይደለም አለ። ውብሸት ነው አለ። እንግዲህ አባትህ ዋሽቷል ማለትህ ነው አለ ጠበቃው።

ውብሸት ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ሐጂ እንድሪስ አሉ፣ የማረቆ በርበሬ አምጪዎች አሉ፣ የሺ አለች። ሠላሳ ዓመት አባቱን ያከበረ ገበያ በሙሉ እዚያ ተቀምጧል።

«አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር» አለ። «የሚያነብለት እኔ ነበርኩ። የዚያን ቀን ዓይኔን ታስሬ ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ዕርቅ ነው ብለው ይህን አስፈረሙት። አባቴ በበርበሬ እንጂ በወረቀት አዋቂ አልነበረም። ተታሏል።»

ከኋላ አንድም ሰው አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ብቻ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ምናልባት እሱም አንድ ቀን ጣቱን ያኖረበት ወረቀት ትዝ ብሎት ይሆናል። መሪጌታ ወለሉን ይመለከቱ ነበር። ዳኛው ፍርዱን ለሌላ ቀን ቀጠሩት።

ምስክርነቱን የጻፈው ጸሐፊ ኮሪደሩ ላይ ካለው ጠረጴዛው ዘንድ ጠራው። ፊት ለፊቱ ካለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥ አለና ወረቀቱን ገፋ አደረገለት።

«ማንበብ ትችላለህ አይደል? አንብበህ እዚህ ጋ ፈርም።»

«እችላለሁ» አለ ውብሸት። «ግን አንተ አንብበው። ከፍ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ።»

ጸሐፊው ሰዓቱን አየ፤ የምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው። ሊቆጣ ብሎ የሰውዬውን የተዘቀዘቀ ጋቢ አየና ተወው። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በግርማዊነታቸው ስም ከሚለው ጀመረ።

ውብሸት በአግዳሚው ላይ የተዘረጋውን የጋቢውን ጫፍ ሰብስቦ ታፋው ላይ አደረገ። ወደ ዳር ጠጋ አለ። ማንበብ ለማይችል አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቀ።